የእኅቴ ልጅና አፍንጫዬ

ልጅ ታላቁን ሲያነጋግር አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ማየቱ ከአባቶቻችን የተረከብነው ደንብ ነው፤ ከዘመኑ ጋር የተራመደው ወጣት ደግሞ ቀና ብሎ ዐይን ዐይንን ያያል፤ ከሁለቱ አንዱን የመረጠውን ማንም ሰው ባለጌ ሊለው አይችልም። እኔን በዚህ በሽምግልናዬ ያስመረረኝ ግን መሬቱንም ዐይኔንም ትቶ፣ ከሁለቱ መካከል በሚገኘው በአፍንጫዬ ላይ ዐይኑን ተክሎ የሚያዳምጠኝ የእኅቴ ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከእኔና ከአሮጊት እናቴ ጋር መኖር ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ድረስ፣ እኔ ስለ ገበያው መወደድና ስለ ሰው ጠባይ መለዋወጥ በሰፊው ስተነትን፣ እርሱ «አዎ ጋሼ»፣ «እውነትዎን ነው ጋሼ» እያለ ከፊቴ ይቀመጣል፤ በጉልበቱ ላይ ባኖረው ደብተርም እርሳሱ እንደ አይጥ ሲጭር ይሰማኛል። የምናገረውን ቃል እንደ ደቀ መዝሙር እየጻፈ ለትውልድ የሚያቆይልኝ መስሎኝ፣ እጁ እንዳይደክም ንግግሬን ዝግ አደርግለት እንደ ነበር አልሸሽግም።

አንድ ቀን ደብተሩን ረስቶ ወጣ። እኔም የገዛ ጥበቤን በሰው እጅ ተጽፎ ላነብ ገልጬ ብመለከት፣ ከቃሌ አንዲት ፊደል እንኳ አልሰፈረችም፤ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላው አፍንጫ ነበር። አፍንጫ ሲያስነጥስ፣ አፍንጫ ከባለቤቱ ቀድሞ በር ሲገባ፣ አፍንጫ በስኒ ውስጥ ሰጥሞ ቡና ሲጠጣ፣ በመጨረሻውም ገጽ ላይ ከአፍንጫው ጥላ ሥር ሁለት በጎች ተኝተው ሲያመሰኩ።

ነገሩ ተመርምሮ እንደ ተደረሰበት፣ ልጁ ከትምህርቱ ጎን ለጎን የያዘው ሥራ «ኮሚክ» የሚባል ነው። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ግን ከራሱ ከሥራው የከበደ ሆነ፤ በእኛ ቋንቋ ኮሚክ ማለት በሠርግ ቤትና በመድረክ ላይ ሰውን በሣቅ የሚያፈርስ ቀልደኛ ነውና። እናቴ ጉዳዩን ከሰማች በኋላ መቁጠሪያዋን አቁማ፣ «እንግዲህ ይኸ ልጅ ኮሚክ ከሆነ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያላሳቀን ምን ብንበድለው ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው መልስ አልነበረውም። ልጁ ከቤታችን ሰው ሁሉ ይልቅ ዝምተኛ፣ ትካዜ የሚያበዛ፣ ሲስቅም እንደ ተበደረው ገንዘብ ጥርሱን ቆጥቦ የሚስቅ ነው።

«እማዬ፣ በተርታ በተሰመሩ አራት ማዕዘን ቤቶች ውስጥ እየተሣለ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ቃልም እንደ ሳሙና አረፋ ከአፋቸው ወጥቶ ከራሳቸው በላይ ይጻፋል» ብዬ ብገልጽላት፣ «እንዲህ አትለኝም? የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነዋ!» ብላ መቁጠሪያዋን ቀጠለች።

እውነቷን ነው። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን የበላዔ ሰብን ታሪክ የተማረው ከግድግዳ ላይ ነው፤ በአንዱ ሥዕል 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በጭካኔው ሲኖር፣ በሚቀጥለው የተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም ውኃ ሲለምነው፣ ከዚያም ጥርኝ ውኃ ሲያፈስለት፣ በመጨረሻውም በእመቤታችን አማላጅነት ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከ78 ነፍስ በልጣ ስትገኝ ይታያል። የንግሥተ ሳባንም ጉዞ ሠዓሊዎቻችን በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ቤት ከፍለው፣ ከዘንዶው ዘመን አንሥተው ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብር አብልቶ በውኃ ጥም እስካጠመዳት ድረስ፣ ከዚያም አልፈው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ እየሣሉ ለአገር ጎብኚ ሲሸጡ የኖሩት፣ ይህ ነገር ኮሚክ ይባላል ብሎ ማንም ሳይነግራቸው ነው። (በላዔ ሰብን ያጸደቀው ውኃ ነው፤ ንግሥተ ሳባን ያስያዛትም ውኃ ነው፤ ሠዓሊዎቻችን የማድጋን አሣሣል እንዲህ ጠንቅቀው ማወቃቸው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።)

ዳሩ ግን ከዚህ ከግድግዳው ትምህርት አንድ ሕግ ትዝ ባለኝ ጊዜ ወደ ደብተሩ ተመለስሁ። በአባቶቻችን አሣሣል ጻድቅ ሲሣል ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ኃጥኡ፣ ሰይጣኑ፣ ጌታውን የሸጠው ይሁዳ ግን በጎን ይሣላልና ያለው ዐይን አንድ ብቻ ነው። ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥሁት። በ36 ገጽ ውስጥ ሁለት ዐይን ያለኝ ቦታ አላገኘሁም።

በዚያው ምሽት ልጁን ከፊቴ አቁሜ፣ «አንተ፣ እንጀራዬን እየበላህ ከነይሁዳ ጋር ትደምረኛለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንቡ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ክፋት አስቤ አይደለም ጋሼ፤ ከፊት ለፊት ከሣልሁዎ አፍንጫዎ አይታይም፤ ከጎን ከሣልሁዎ ደግሞ አንድ ዐይንዎ ይጠፋል፤ ሁለቱን መዝኜ ዐይንዎን መሥዋዕት አደረግሁ» አለኝ። አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አፍንጫ ሲረዝም ዐይን ጨርሶ እንደሚጠፋ ግን ያን ማታ ተማርሁ።

ቁጣዬ ከበረደ በኋላ የቀረኝ መገረም ነበር። ሰውን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያነሣሣው መንፈስ ከወዴት ይመጣል? እኔ እንደ ተማርሁት ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ልቡን አጸና፤ ዜማውንም ከሦስት አዕዋፍ ተቀበለ። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ፣ «አንተንስ የላኩብህ ምን ዐይነት ወፎች ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት አሰበና፣ «ወፍ አይደለም ጋሼ፤ ያፈርሁበት ነገር ነው» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ መልሱን አስቀርቶበት ጭራሽ በሰው ፊት ያላገጠበት ዕለት ሁለት ገጽ ሠርቷል። ለአንዲት ልጅ የጻፈው ደብዳቤ የፊደል ግድፈቱ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ የተመለሰለት ዕለት ግን ሰባት ገጽ። ደስ ብሎት የዋለ ቀን እርሳሱን እንኳ አይቀርጽም።

ለዚህም ማስረጃ ቻርልስ ሹልዝ የሚባለውን አሜሪካዊ ጠራልኝ፤ እኔም የሰውየውን ታሪክ ተከታትዬ ካነበብሁ ወዲህ ልቤ ስለ ተነካ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሹልዝ በሚኒሶታ ያደገ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነው። ቤታቸው ውስጥ መርፌና ምላጭ የሚውጥ ውሻ ነበራቸውና፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ የዚያን ውሻ ሥዕል ለጋዜጣ ልኮ ታተመለት። የተማረበት ትምህርት ቤት ግን በዓመቱ የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ እንዲወጡለት ያቀረባቸውን ሥዕሎች ሳያወጣለት ቀረ፤ ውሻው በጋዜጣ ሲታወቅ ጌታው በትምህርት ቤቱ ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው። ኋላም ጎልማሳ ሆኖ በሚሠራበት የሥዕል ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ፀጉረ ቀይ ሴት ወዶ ለጋብቻ ቢጠይቃት፣ እምቢ ብላ ሌላ አገባች። ይህ የሆነው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን ሥራው በጋዜጦች ላይ መውጣት ጀመረ፤ እርሱ ሌላ ስም ሰጥቶት ሳለ፣ አከፋፋዮቹ ሳያማክሩት «ፒናትስ»፣ ማለትም ኦቾሎኒ፣ ብለው ሰየሙት፤ ስሙን ዕድሜውን በሙሉ እንደ ጠላው ኖረ።

ታዲያ ያ የተበደለ ሰው በቀለም የፈጠረው ማንን ነው? ቻርሊ ብራውን የሚባል፣ አባቱ ፀጉር አስተካካይ የሆነ፣ የሚያበርረው ካይት ሁሉ ዛፍ ላይ የሚቀርበት፣ የሚመራው የኳስ ቡድን ሁልጊዜ የሚሸነፍ ልጅ። ፀጉረ ቀይዋም ከ11 ዓመት በኋላ በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ ታሪኩ ገባች፤ ልጁ ምሳውን ይዞ በአግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ከሩቅ ይመኛታል እንጂ ቀርቦ ሊያነጋግራት አይደፍርም። ሠዓሊውም ፊቷን ለአንባቢ አላሳየም። ሁሉን ሰው የሣለ እጅ እርሷን አልደፈረም፤ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትሁ።

እንዲህ አድርጎ 50 ዓመት ያህል፣ ረዳት ሠዓሊ ሳይቀጥር፣ በስተርጅና እጁ እየተንቀጠቀጠበት እንኳ፣ 17,897 ጊዜ ሣለ። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ሌሊት ዐረፈ፤ የመጨረሻው የእሑድ ሥዕሉ በማግሥቱ ማለዳ በየቤቱ ደረሰ። አንዲት «እምቢ» ይህን ያህል ዘመን ስንቅ ትሆናለች ብሎ ማን ይገምታል? እኔም በዚያ ዕድሜ ሁለት ጊዜ እምቢ ተብያለሁ፤ ያተረፍሁት ግን የጨጓራ ሕመም ብቻ ነው።

ልጁ እኔን ለማጽናናት አንድ ምስክር ጨመረ። ኦሳሙ ቴዙካ የተባሉት ጃፓናዊ፣ ሐኪምነት ተምረው ሳሉ ሥዕሉን የመረጡ፣ ከልጅነታቸው ጥንዚዛ ስለሚወዱ ከስማቸው ላይ «ነፍሳት» የሚል ፊደል የጨመሩ፣ በዕድሜያቸው 150,000 ገጽ ያህል ሣሉ የሚባልላቸው ሰው፣ በሥራቸው መካከል ራሳቸውን ሲያስገቡ አፍንጫቸውን አግንነው ነበር። «እንግዲህ ያዩታል ጋሼ፤ እኚህን የመሰሉ ታላቅ ሰው አፍንጫ ማግነን ነውር ቢሆን ኖሮ አያደርጉትም» አለኝ።

«የራሳቸውን ነዋ!» አልሁት።

ከዚህ በኋላ የሥራውን ፍሬ ትቼ የሥራውን ሌሊት ለማየት ጓጓሁ። በሁለታችን ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ቀጭን ነው። በመጀመሪያ የሚሰማው ዝምታ ነው፤ ሱባኤ የገባ መነኩሴ በአርምሞ እንደሚቀመጥ፣ ልጁ ነጭ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። በዚህ ሙያ ነጭ ነገር ክፉ ነው ይላል። ቲንቲንን የፈጠረው ቤልጅጋዊው ኤርዤ ትዳሩ በተናጋበት ዘመን ሌሊት ሌሊት በሕልሙ ነጭ ብቻ እያየ ይሠቃይ ነበር፤ ያማከረው የአእምሮ ሐኪም ሥራህን ተው ቢለው፣ አልተወም፤ ያን የሚያስፈራውን ነጭ እንዳለ ወስዶ የቲቤት በረዶ አደረገውና ቲንቲንን የጠፋ ወዳጁን ፍለጋ ሰደደበት። መጽሐፉ በ1960 እ.ኤ.አ. ወጣ። የእኅቴ ልጅ ግን ነጩን የሚያሸንፈው አንድ ነገር በመጫር ነው፤ ያ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መናገር አያስፈልገኝም።

ከነጩ በኋላ እርሳስ ይመጣል፤ እርሳስ ይቅር ባይ ነው፤ ላጲስ እስካለ ድረስ ኃጢአቱ ሁሉ ይደመሰሳል። ከዚያ ቀለም ይመጣል፤ ቀለም ከነካው በኋላ ግን ንስሐ የለም። ልጁ ቀለሙን ሲጎትት ትንፋሹን ይይዛል፤ መስመሩ ሲያልቅ በረጅሙ ይለቃል፤ በግድግዳው ማዶ ሆኜ በትንፋሹ ብቻ አጭር መስመር ይሁን ረጅም መለየት ለመድሁ። አንድ ሌሊት ረጅም ዝምታ ሰምቼ ልጁ የታነቀ መስሎኝ ብነሣ፣ ለካስ የአፍንጫዬን ድልድይ እያወጣ ነበር።

ሌላ ሌሊት ደግሞ ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ በበሩ ክፍተት ብመለከት፣ ብቻውን ከመብራቱ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ያፋጫል፤ ወዲያው ቅንድቡን ሰቅሎ ጉንጩን ይነፋል፤ ወዲያው ደግሞ ከንፈሩን ጥሎ ሊያለቅስ ይደርሳል። ከፊቱ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። እናቴን ቀስቅሼ አሳየኋት። ሦስት ጊዜ አማተበችና፣ «ሳይነጋ ጠበል ውሰደው» አለችኝ።

ወሰድሁት። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በእንጦጦ ብርድ ያለ አንዳች ክርክር ልብሱን አውልቆ ተጠመቀ፤ እየተንቀጠቀጠም ወጥቶ፣ «ጋሼ፣ የምሥለው ሰው ሲቆጣ እኔም ካልተቆጣሁ እጄ አይታዘዘኝም፤ ያያችሁት ፊት የእኔ አልነበረም» ብሎ ነገሩን አስረዳኝ። «ታዲያ ከመጠመቅህ በፊት ለምን አልነገርኸኝም?» ብለው፣ «ብርድ ሲመታኝ ፊቴ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነበር» አለኝ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ማለት ይኸ ነው። ከጠበሉ ስፍራ ስንመለስም በመንገድ ላይ ፊቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ የረሳው እንዳይኖር ሲያጠና ነበር።

በ11 ሌሊት አራት ገጽ ሠራ። አራቱን ገጽ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ፤ እኔም የያዝሁት ቡና ሳይቀዘቅዝ አንብቤ ጨረስሁና «እህ» ብዬ አስቀመጥሁት። ሦስት ቀን ሽንኩርት ስትልጥ፣ ስታቁላላ፣ ዶሮ ስትበልት የሰነበተች ባለሙያ፣ እንግዳው በሩብ ሰዓት በልቶ እጁን ሲታጠብ ፊቷ ምን እንደሚመስል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ግን አላዘነም። «ሦስተኛው ቤት ላይ ሣቁ አይደል?» አለኝ። አልሣቅሁም ብዬ ካድሁ። «ከንፈርዎ አልሣቀም፤ አፍንጫዎ ግን ሰፋ» አለኝ።

እንግዲህ ሰው በገዛ አፍንጫው ሲከዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልበቀለው ቈረጥሁ፤ መበቀያውንም የሰጠኝ ራሱ ነው። ሮዶልፍ ቶፕፈር የሚባል የጄኔቫ መምህር፣ የሠዓሊ ልጅ ሆኖ ሳለ የዐይን ሕመም ከቀለም ሥዕል ስለ ከለከለው፣ ከ1827 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተማሪዎቹ መሣቂያ የሚሆን የሥዕል ታሪክ በብዕር እየጫረ፣ ለማሳተም ግን እያመነታ ኖሯል፤ ታላቁ ባለቅኔ ጎተ በእርጅናው ዘመን አይቶ ካመሰገነለት በኋላ በ1833 እ.ኤ.አ. ማሳተም ጀመረ። ይህ ሰው በ1845 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድርሳን፣ በብዕር የተጫረ ፊት፣ የጫረው ሰው ምንም አላዋቂ ቢሆን፣ አንድ ዐይነት ጠባይ ሳይገለጥበት አይቀርም ብሎ አስተማረ። ዐይኑ የታመመ መምህር ይህን ከቻለ፣ ዐይኑ ጤነኛ የሆነ ጡረተኛ ምን ያቅተዋል?

አንድ ማታ ልጁ ደክሞት በወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። የመብራት ሂሳብ የተጻፈበትን ወረቀት ገልብጬ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከፊቱ ተቀመጥሁ። ለመሣል ማየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አየሁት። ከግራ ቅንድቡ ሥር ጠባሳ አለው፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። የሸሚዙ አንገትጌ አልቆ በገዛ እጁ ገልብጦ ሰፍቶታል፤ ስፌቱም ጠማማ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ገበያ መወደድ የሰበክሁለት ልጅ ሸሚዝ እንዳለቀበት አላየሁም ነበር። አገጩ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እርሱ አፉን ከፍቶ እንደ ተኛ እኔም አፌን ከፍቼ ራሴን አገኘሁት፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ብትነቃ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠበል ታዝዝ ነበር። ቀና ስል ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ከዚያ ሁሉ ድካም የወጣው ጆሮ ያለው ድንች ነው። ልጁ ቢተኛም ሁለቱንም ዐይኖቹን ከፍቼ፣ ፊቱንም ወደ ተመልካቹ አዙሬ ነው የሣልሁት፤ በእኔ ብዕር ማንም ሰው ከነይሁዳ እንዲደመር አልፈለግሁም።

ጧት እናቴ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አራቀችው፤ አቀረበችው፤ ከዚያ ሳመችውና፣ «አባትህን መቼ ሣልኸው?» አለችኝ። አባቴ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ ያረፈ ሰው ነው። የማን ሥዕል እንደ ሆነ አልነገርኋትም፤ የቶፕፈርን ድርሳን ለእርሷ መተርጐም አያስፈልግም ነበርና፣ ከአልጋዋ ራስጌ በሚስማር መታሁላት።

የእኅቴ ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ አያቱ እጁን ይዛ ወስዳ አሳየችው። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ከፊቱ ቆሞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ «ጥሩ ነው ጋሼ» አለኝ፤ «አፍንጫውን ግን ትንሽ አላበዙትም?»